የጎረቤቴ ጨጓራ

በእኛ ኮንዶሚኒየም የተኳረፉ ጎረቤቶች አምባር ያስራሉ። እስኪታረቁ ድረስ የአንዱ ሕመምና ረሃብ ለሌላውም ይሰማል። እኔና ፊት ለፊቴ ያሉት ጋሽ ደበላ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተን አምባሩን ካሰርን ከረምን። ጥፋቱ የእሳቸው ስለሆነ እኔ ይቅርታ አልጠይቅም።

ያስቸገረኝ ጨጓራቸው ነው። እሳቸው በርበሬ በቀመሱ ቁጥር እኔ ሆዴን ይዤ እጎብጣለሁ።

ዛሬ ደግሞ ጥግብ ብዬ በልቼ ሳህን ሳጥብ ሆዴን ሞረሞረኝ። ረሃቡ የእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ለራሳቸው ብለው ምድጃ አይለኩሱም። እየተነጫነጭኩ በርበሬ የሌለው ሽሮ ሠራሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

«ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት። እኔው ሆዴ እረፍት ስላሳጣኝ ነው» አልኳቸው።

ሳህኑን ተቀብለው ቁጭ ብለው በሉ። ጥቂት ሲጎርሱ የእኔም ሆድ ጸጥ አለ።

ከዚያ አምባራቸውን እያዩ፣ «በይ፣ ገመዱን አንቺ ውሰጂው። እንታረቅና ይሄ ነገር ይፈታልን» አሉኝ።

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ባዶውን ሳህን አነሳሁ።

«ትንሽ ይቆይ ጋሼ» አልኳቸው። «ከተፈታ ምሳ አለመብላትዎን በምን አውቃለሁ?»