መሬት ያልነካው በረዶ

ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር የሽማግሌው የአፖ ሩስታም ጉልበት ከዳቸው። በጀርባቸው የበረዶ ቅርጫት እንዳዘሉ ተንበረከኩ። ቅድመ አያቶቻቸው ምንጭ ሲደርቅባቸው ወንድና ሴት የሚሏቸውን ሁለት ዓይነት በረዶ በተራራው ጥላ ውስጥ አጋብተው ይቀብሩ ነበር፤ ከዚያ አዲስ የበረዶ ግግር ይወለዳል። ዘንድሮም የመንደሩ ምንጭ ደርቋል። መሬት የነካ በረዶ ግን አይወልድም። ስንቅ ይዛ ከኋላ የምትከተለው ምራታቸው ሻህርባኖ ሮጣ ደረሰችና ቅርጫቱን ከሥር ደግፋ ያዘችው።

"ተይ አንቺ!" ብሎ ጮኸ ጎረቤታቸው ካዚም። "ሴት በረዶ ተሸክማ አታውቅም! የአባቶቻችንን ሥርዓት ልታበላሺ ነው?"

"የአባቶቻችን ልጆች እንደ ዛሬዎቹ ካራቺ ከተማ ወርደው የሰው ፎቅ አይገነቡም ነበራ! በል፣ ወንድ ከሆንክ ናና አንተ ተሸከመው።"

ካዚም የታመመ ወገቡን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አብረው የሚወጡት ሽማግሌዎችም ዓይናቸውን አፖ ሩስታም ላይ ጣሉ። እሳቸው በቤታቸው ሴት ቀና ብላ እንድትናገር እንኳ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሻህርባኖ ቁጣቸውን እየጠበቀች፣ ቢቆጡም ላትለቅ ቆርጣ፣ ቅርጫቱን ከጀርባቸው አውርዳ አዘለችው።

"ማንገቻውን ወደ አንገትሽ አስጠጊው" አሉ ሽማግሌው በቀስታ። "እናቴ እንዲያ ስታደርገው ነበር የሚቀላት።"

"እናትዎ?" አለ ካዚም።

"እኔ ልጅ ሳለሁ በመጣው የድርቅ ዓመት በረዶውን የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ያንተም አያት ነበረችበት። በኋላ ስናወራው ወንዶች ተሸከሙት አልን።"

ሻህርባኖ ሌሎቹ መልስ እስኪሰጡ አልጠበቀችም። የቀለጠው ውሃ በአከርካሪዋ ቁልቁል እየወረደ ሽቅብ ወጣች።

"ምን ትገተራላችሁ?" አለች ሳትዞር። "እየቀለጠ ነው፤ ውጡ!"