የፀሐይ ጥፋት

የሕዋ ትንበያ ባለሙያዋ «ነገ ከባድ የፀሐይ ማዕበል ይጠበቃል» ስትላቸው፣ ዳይሬክተሩ «ታዲያ ባርኔጣ አድርጊያ!» አሏት። ማዕበሉ ሬዲዮና መብራት ሊያቋርጥ እንደሚችል አንገቷን ደፍታ አስረዳቻቸው።

«ነገም ምንም ካልመጣ፣ ይህን የሕዋ ትንበያ ክፍልሽን እዘጋዋለሁ።»

በማግስቱ ማዕበሉ ምድርን ስቶ አለፈ። ይህንኑ ልትነግራቸው እግሯን እየጎተተች ቢሯቸው ገባች። ገና አፏን ሳትከፍት መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ዳይሬክተሩ ብድግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ለካ ጉድ ነሽ!»

ከጀርባቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ የራሳቸው መኪና የግቢውን የመብራት ምሰሶ ገርስሶ ቆሞ አየች። ሾፌራቸው እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ በእናቴ፣ መብራቱን ያጠፋሁት…»

«አንተ ምን አገባህ? ፀሐይ ናት!» አሉት።

ሾፌሩ እሷን አያት፤ እሷም አየችው።

ክፍሉ አልተዘጋም፤ ሾፌሩም አልተቀጣም።