አርባ ሦስተኛው ጠመንጃ

አንዱአምላክ ኮኪት አጠገብ ወዳለችው መንደር ጠመንጃ ሊመዘግብ ሲመጣ ሦስት እስክሪብቶ ይዞ ነበር፤ አንዱ ቢነጥፍ፣ ሌላው ቢጠፋ ብሎ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያነባል፣ አንዴ ይጽፋል፣ ከዚያ «ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ ጠመንጃውን መልሶ ይቀበላል።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሰሊጥ መጋዘኑ ጥላ ሥር ለተሰበሰበው ሰው ከሥልጠና ማስታወሻው አነበበ። ጃፓን ውስጥ የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ ፖሊስም የት እንደሚያስቀምጠው ያያል። አሜሪካ ደግሞ የሁሉም ጠመንጃ የሚጻፍበት አገር አቀፍ መዝገብ የላትም።

«ታዲያ ጃፓን ሰሊጡን ማን ይጠብቀዋል?» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

«እኛ ጋ ፈቃዱ ይቀድማል፣ ብረቱ ይከተላል» አለ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረው ነጋዴ ሷሊህ። «እናንተ ጋ ግን፣ ዋላሂ፣ ብረቱ አርጅቶ ነው ክርስትና የሚነሣው!»

አንዱአምላክም ፈገግ አለ። «ለዚህ ነው የመጣሁት። ጠመንጃ እጅ በቀየረ ቁጥር ቢጻፍ ኖሮ፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ እናውቅ ነበር።»

ሰዉ ሲበተን አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አንዱአምላክ ባረፈበት ቤት ደጃፍ ላይ ከማሳ የተቀጠፈ ጣፋጭ ፍሬ፣ ሐባብ፣ አስቀምጠውለት፣ ሳይገቡ ሄዱ። ትከሻቸው ላይ በአቡጀዴ የተጠቀለለ ነገር ነበር። በመንገዳቸው አገኘሁ የሚባለው ባለትራክተር ጠመንጃውን አንግቶ ሲመጣ፣ ዓይናቸውን ከትከሻው ላይ ነቅለው መሬት ላይ ተከሉ።

የአገኘሁ ጠመንጃ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ሰደፉ ላይ በቢላዋ የተቀረጸች «ው» ነበረች።

«የእርስዎ ስም በ‹አ› ይጀምር የለ?»

«ከነጋዴ እጅ ከነፊደሉ ነው የገዛሁት። የምተኩሰው በብረቱ እንጂ በፊደሉ ነው?»

አንዱአምላክ ፊደሏን «ምርመራ» በሚለው ዓምድ አሰፈራት።

በሦስተኛው ቀን አርባ ሁለት ጠመንጃ ተጽፎ አለቀ። አገኘሁ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

«አንድ ይቀርሃል። ያ ሐባብ ያመጣልህ ሽማግሌ፣ ሸጋው።»

ሸጋው የመንደሩን ሰሊጥ ጠባቂ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ውባንች ታማ ጎንደር ሆስፒታል ሁለት ወር ከረሙ። ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ ጠመንጃቸው ከጨርቁ ወጥቶ አያውቅም። በዚያው ክረምት በገለጉ መንገድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተገድሏል።

«ሰርግ ላይ አይተኩስ፣ ለቅሶ ላይ አይተኩስ» አለ አገኘሁ። «ሰው ቤት እንኳ አይገባም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ጠመንጃውን ተቀብሎ ይሰቅልለት የለ? እሱ ግን ለማንም አይሰጥም፤ የቀረበለትን በር ላይ ቆሞ ጎርሶ ይሄዳል። ንጹሕ ሰው ብረቱን ይደብቃል?»

«ሌባስ ሲመጣ?»

«ሌባማ ጥላውን አይቶ ነው የሚሸሽ!»

አንዱአምላክ ከሰዓት በኋላ አንድ ሚሊሻ አስከትሎ ወደ እርሻው ወረደ። የሐባቡ ጣፋጭነት ገና አፉ ውስጥ ያለ መሰለውና አፈረ። ማማው ሥር ካለችው ጎጆ ውባንች ወጥታ ሚሊሻውን ስታይ፣ የያዘችውን ውኃ ሳትሰጣቸው ቆማ ቀረች።

ሚሊሻውን ውጭ አቁሞ ሽማግሌው ወዳሉበት ጎጆ ብቻውን ገባ።

«አያ ሸጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁጥሩን ብቻ አይቼ እወጣለሁ። ካላሳዩኝ ግን ለፖሊስ መጻፌ ነው።»

«ሹፌሩን ገደለው አሉህ?»

አንዱአምላክ መዝገቡን ገለጠ።

«ይበሉ። እስከፈሩኝ ድረስ ሰሊጡን አይነኩትም። እንጀራዬም እሱው ነው።» ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «እዚህ የምታየውን እዚያ ትናገራለህ?»

«ወንጀል ካለበት እናገራለሁ።»

ሽማግሌው የጨርቁን ቋጠሮ ዳበሱ።

«እንግዲያው ስፈታው ፊትህን አዙርልኝ፣ ልጄ። ሰው እያየኝ አልችልም።»

ጀርባዬን ልስጥ? አለ በልቡ። ሚሊሻውን ልጥራ? ከዚያ በጥርጣሬው አፍሮ ዞረ። ጨርቁ ሲተረተር ሰማ።

«በቃ፤ ጻፍ» አሉ።

እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ዞረ።

ጠመንጃው በጥላሸት የጠቆረ፣ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ከዋንዛ እንጨት የተጠረበ ነበር፤ ሰደፉ ላይ «ው» ተቀርጻለች።