ምላሱ የታሰረ ደወል

«ፈርሚና ውሰጂው እህቴ፣ ሰልፉ በር ደርሷል» አለ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ፣ ቅጹን በባንኮኒው ላይ እየገፋ።

ደወል ሠሪዋ እስክሪብቶውን አነሳች፣ አነበበች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከፊርማው ቦታ በላይ በደቃቅ ፊደል «ዕቃዬን ጉድለቱን አምኜ ተረክቤያለሁ» ይላል። ገዢው ዕቃውን የመለሰበት ምክንያትም ከጎኑ በአንዲት ቃል ሰፍሯል። «አይጮኽም።»

ጥቅሉ የራሷ ነው። ካርቶኑን የቆረጠችውም ያሸገችውም እሷ ናት፤ አሁን በእሷ ፕላስተር ላይ የባዕድ ፕላስተር ተደርቦበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ደወል ይጮኻል» አለች።

«ይጩኻ። እኔ ፖስታ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም።»

«ታዲያ አይጮኽም ብዬ ልፈርምልዎ?»

«ለኔ አይደለም፣ ለገበያው ነው። ካልፈረምሽ ሦስት ቀን አቆይተን እናስወግደዋለን። ሱቅሽንም ይዘጉታል መሰለኝ፤ ባለፈው አንዷን ጫማ ሰፊ እንደዚያ አደረጓት።»

ገበያው የሚለው ስልኳ ውስጥ ያለውን የበይነ መረብ ገበያ ነው። ሦስት ዓመት የበር ደወሎቿን የሸጠችው እዚያ ነው፤ ሌላ መሸጫ የላትም። ያ ገበያ ከተዘጋባት፣ ቤቷ ጓሮ ያለችው ማቅለጫ ምድጃም አመድ ብቻ ሆና መቅረቷ ነው።

ደወሉ ለምን እንዳልጮኸ ደግሞ ሳይነግሯት ታውቃለች። ፖስታ ቤቱ የሚንኳኳ ጥቅል አይቀበልም። ስለዚህ ሁሌም ምላሱን፣ ከውስጥ የምትንጠለጠለውን ብረት፣ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ጠቅልላ ታስራለች። ድሮ «ከመስቀልዎ በፊት ጨርቁን ይፍቱ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ትጨምርበት ነበር። ገበያው ደረሰበትና ከገዢ ጋር በጽሑፍ መገናኘት ክልክል ነው ብሎ ቀጣት። ከዚያ ወዲህ ያለ ወረቀት ትልካለች፤ ደወል ሰቅሎ ዝም ያለበት ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ማየቱ አይቀርም ብላ። እስካሁን ሁሉም ጎንበስ ብለዋል። ይሄኛው ወገቡ አልታዘዘለትም።

«የሸጡበትን ኮሚሽን መለሱልሽ?» አሉ ከኋላዋ የቆሙ ባለከዘራ አዛውንት።

«የምን መመለስ አባባ። የመመለሻውንም የፖስታ ሒሳብ በኔ ላይ ነው የጫኑት።»

«በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» አሉ። ሰልፉ ሳቀ።

ሰውዬውም ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም አይነቅዝም እህቴ። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

«ይነቅዛል» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሰልፉ ግን መሳቁን ተወ። «ሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት ዝምታ ነቅዞ አየሁት። ኮሚሽኑን ሲጨምሩ ዝም አልኩ። ሳጥንሽ በአንድ ጣት ተርፏል ብለው እጥፍ ሲያስከፍሉኝ ዝም። ወረቀቴን ሲከለክሉኝም ዝም። የመመለሻውን ሒሳብ ዛሬም እከፍላለሁ፤ መንገዱን ተጉዟል፣ ሰው ተሸክሞታል። ጉድለቱን ግን አልገዛም።»

የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ፕላስተሩን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው።

«ኧረ ሳይፈረም አይከፈትም» አለ ሰውዬው። እጁ ወደ ጥቅሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

ደወሉ ከካርቶኑ ወጣ። ከጭብጥ ብዙም አይበልጥም። ይህን ሥራ ያስተማራት የለም። ነሐሱን ታቀልጣለች፣ ታፈሳለች፣ ከዚያ የደወሉን ከንፈር በሞረድ ትንሽ ነካ አድርጋ ትመታና ታዳምጣለች፤ ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ማዳመጥ። ይሄኛው ሁለት ቀን አድክሟት በሦስተኛው ነው እሺ ያላት።

ገልብጣ ውስጡን ለአዛውንቱ አሳየቻቸው።

«የኔ ቋጠሮ ነው። እንዳሰርኩት አለ።»

«ጉድ» አሉ አዛውንቱ። «አፉን ለጉመው አይናገርም አሉት።»

ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው። መቀስ አልጠየቀችም፣ አልቸኮለችምም። ጨርቁን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ ከሁሉም ደወል የመጀመሪያ ድምፅ በፊት እንደምታደርገው፣ ለፈጣሪዋ ብቻ የሚሰማ አንድ ቃል በከንፈሯ አለች። ከዚያ አንዴ ወዘወዘችው።

ድምፁ ጮክ ያለ አልነበረም። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጣሪያውን ነክቶ ወረደ፤ ከሰልፉ መሐል ስታለቅስ የነበረች ሕፃን አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገችው። ያልቃል ሲሉት ቆየ። እስኪያልቅ ያሳለ ሰው የለም።

እሷ ደወሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እስክሪብቶውን አነሳች። «ጉድለቱን አምኜ» የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዛ ፈረመች።

«የተሰረዘበት ቅጽ ይመልሱታል» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

«ይመልሱት። ተመላሽ ለምጃለሁ።»

ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። ከግርጌው «የዕቃው ሁኔታ፣ በሠራተኛው የሚሞላ» የሚል መስመር አለ። ስንት ዓመት ቀና ሳይል «ደህና» እያለ የሞላው መስመር ነው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አንዴ ደወሉን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አንድ በአንድ ጻፈ። እሷ ከወዲህ ሆና ፊደሉን እንደተገለበጠ አነበበችው።

«ሰምቻለሁ። ይጮኻል።»

ማኅተሙን አንስቶ ባንኮኒው እስኪነቃነቅ መታው። ከጎኑ የተቀመጠው ደወልም፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀጭኑ መለሰለት።