የ“ዶክተሩ” ቀረፋ

ኪኒኗን ከቀረፋው ጋር አብሬ እወቅጣለሁ። ቀድማ የምትደቀው እሷ ናት፤ ቶሎ እጅ ትሰጣለች። ቀረፋው ግን ልፋት ይፈልጋል። ቡኒው ነጩን እስኪውጠው ድረስ ዘነዘናውን አላሳርፍም። ከዚያ አንዲት ቅንጣት ሳላስቀር የአባዬ ሻይ ውስጥ እገለብጠዋለሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሱቁ ውስጥ፣ አባዬ ከደንበኛ ጋር ይሳሳቃል። አርባ ዓመት ቅመም ሸጧል። ሰፈሩ “ዶክተር” ይለዋል። ሲጀመር ለቀልድ ነበር፤ እየዋለ ሲያድር እሱም አቤት ማለት ጀመረ። ለጉንፋን ዝንጅብል፣ ለጥርስ ቅርንፉድ፣ ለስኳር ቀረፋ።

የራሱ ስኳር ሲወጣ እውነተኛው ሐኪም ኪኒን አዘዘለት። አባዬ ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። “ለሰው ቀረፋ ስሸጥ ኖሬ ለራሴ ኪኒን ልዋጥ? በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?” አለ። ለመንኩት። አለቀስኩ። ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳይሰማው ሲራመድ ያየሁ ቀን ግን ልመናውን ትቼ ሙቀጫውን አነሳሁ።

ሁለት ወር ሆነኝ።

ሻዩን ይዤ መጋረጃውን ስገልጥ ደንበኛው የሰፈራችን አናጢ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሷል።

“ይኸው፣ እሷን ጠይቃት!” ይላል አባዬ። “ስኳሬ ከሁለት መቶ ስልሳ ወደ መቶ ሠላሳ! በቀረፋ ብቻ። ንገሪው እንጂ!”

“መቶ ሠላሳ አራት” እላለሁ። ቁጥሩ ውሸት የለበትም።

“እኔ ምስክር አልፈልግም” ይላል አናጢው እየሳቀ። “ሩብ ኪሎ መዝንልኝ፣ ዶክተር። ያንን የስኳር ኪኒኔን ትናንት ከነካርቶኑ ሰጋቱራ ጆንያ ውስጥ ወርውሬ ተገላገልኩ። ሆዴን ሲያተራምሰው ነው የከረመው።”

“ጎበዝ! ይኼ ነው ወንድ!” አባዬ ቀረፋውን ሚዛን ላይ ያፈሳል።

ባለፈው ዓመት ይኼው ሰው ስኳሩ ወጥቶ ራሱን ስቶ፣ እየዞረ ካለው የኤሌክትሪክ መጋዙ አጠገብ ወድቆ ነው የተገኘው። አንድ ክንድ ያህል ቢጠጋ ኖሮ አሁን እዚህ አይስቅም ነበር።

ሻዩን ባንኮው ላይ አስቀምጣለሁ።

“ጋሼ፣ ኪኒንዎን አይተዉ።”

“ምነው ልጄ?”

“አባዬም አልተወም።”

ሁለቱም ዞረው ያዩኛል። “ምን አልሽ አንቺ?” ይላል አባዬ።

ከሽርጤ ኪስ የኪኒኑን ማሸጊያ አወጣለሁ። አብዛኛው ተጨራምቶ ባዶ ሆኗል። ሚዛኑ አጠገብ አኖረዋለሁ። “በየጠዋቱ ከቀረፋህ ጋር እወቅጣታለሁ። ይኼ ሻይ ውስጥም አለች።”

አባዬ ማሸጊያውን አይነካም። ብርጭቆውን አንስቶ ያሸታል። ቀመስ ያደርጋል፤ ምላሱን እያንከባለለ ይቆያል። በዚህ ምላስ ስንት አጭበርባሪ አጋልጧል።

“መሮኝ ነበር እኮ” ይላል ቀስ ብሎ። “አሮጌ ቀረፋ ነው ያመጣኸው ብዬ ያንን ምስኪን አቅራቢ ሌባ አልኩት። በሰው ፊት።”

“ይቅርታ፣ አባዬ።”

“እሱን ነው ይቅርታ የምትዪው።”

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ያወርድና መልሶ ይሰካዋል። “እንግዲህ ዶክተር...” ብሎ ይጀምራል። አባዬ አቤት አይልም።



“ሰጋቱራውን ማነው የሚወስድልህ?” ይላል አባዬ።

“ዶሮ አርቢዋ ናት። ከምሳ በፊት ትመጣለች።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዶሮዎቿን ልታክም ነው? ሩጥ እንጂ!”

አናጢው ይሮጣል። ቀረፋውን ሚዛኑ ላይ ረስቶታል።

አባዬ ፊቴን አያየኝም። ሻዩን እስከ አተላው ይጨልጠዋል። ከዚያ ማሸጊያውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ የቀሩትን ፍሬዎች ያያል።

“ከነገ ጀምሮ ሙሉዋን ከውሃ ጋር ስጪኝ” ይላል። “ቀረፋዬን አታበላሺብኝ።”

ሚዛኑ ላይ ካለው ግማሹን ወደ ጣሳው ይመልስና የቀረውን በወረቀት ይጠቀልላል። ጥቅል ሁሉ ላይ ለምን ሕመም እንደሚሆን መጻፍ ልማዱ ነው። እስክሪብቶውን ያነሳል። “ለ” ብሎ ይጽፍና እጁ ይቆማል። መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ያልፋል፤ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ እጁ እንደቆመ ነው።

“ለሻይ” ብሎ ይጨርሰዋል። በክር ያስረዋል፣ ትርፉን ክር በጥርሱ ይቆርጣል፣ አናጢው ሲመለስ እንዲያገኘው ባንኮው ዳር ላይ ያኖረዋል።