ምድጃና የልብስ መቆንጠጫ

"ይሄ ምድጃ ነው ወይስ የምሳ ዕቃ?" ይላል ባሌ ዴልበርት፣ የትንሿን የጋዝ መጥበሻ ክዳን ከፍቶ ውስጧን እያየ። ጆሊን ትስቃለች። በየክረምቱ እዚህ አሪዞና በረሃ ላይ ድንኳን ተክላ፣ እንደኛ ቤታቸው መኪና ለሆነ ሰዎች ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት። የዴልበርትን ነገረኛነት ለምዳዋለች።

እኔ ዓይኔ ያለው ጥግ ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ መጥበሻ ላይ ነው። የአሮጌው ምድጃችን ሆድ በዝገት ተበልቶ አልቋልና ሌላ መግዛታችን ካልቀረ እሷን እንግዛ ብዬዋለሁ። ቀላል ናት፣ ለማጽዳት አታስቸግርም፣ ጋዝ ፍለጋ ከመዞር ትገላግለናለች። ሁሉም እውነት ነው። ዋናውን ግን አልነገርኩትም።

ዋናው፣ ዴልበርት ጋዝ መዝጋት እየረሳ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ስመለስ ነፋሱ እሳቱን አጥፍቶት ጋዙ ብቻውን ሽሽ እያለ ይወጣል፤ እሱ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራራውን ያያል። ምንም ሳልናገር ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ጠብሶ በተነሳ ቁጥር ሳህን የማነሳ መስዬ ከኋላው እየሄድኩ እዘጋለሁ። ልነግረው አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ እኛ ጋ የሚመጣው እሱ የሚጠብሰውን ጎድን ብሎ ነው፤ እሳት ዳር ሲቆም ዴልበርት የድሮው ዴልበርት ነው። ይሄን እንዴት አድርጌ ልንጠቀው?

ጆሊን ወዴት እንደማይ አይታ የኤሌክትሪኳን አነሳቻት።

"ይቺን እንዳልሸጥልሽ ማርሊስ፣ እናንተ የምትቆሙት ሜዳው ላይ ነው። ሶላራችሁ የሚችለው መብራትና ፍሪጅ ነው። ይቺን ሰክተሽ ሥጋው ሳይገለበጥ ባትሪው ያልቅብሻል። ይቺ ሶኬት ባለበት ግቢ ለሚኖር ሰው ናት።"

አውቃለሁ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩት እሱን ነው። ሶኬት ያለበት ግቢ ማለት መኪና ከመኪና ተጣብቆ የሚቆምበት፣ በመስኮትህ የሰው መስኮት የምታይበት ማለት ነው። ዴልበርት አንዴ ሞክሮት እንቅልፍ አጥቶ ወጣ። ይቺን መግዛት በረሃውን መተው ነው። ሌላዋን መግዛት ደግሞ፣ አንድ ቀን እኔ ከኋላው ባልኖርስ?

እሱ የተባለውን እንዳልሰማ ሆኖ የጋዟን ምድጃ ገልብጦ ሆዷን ይመረምራል። የራሷ የግፊት መቀነሻ እንዳላት አየና ይሄ መውለቅ አለበት አለ። የመኪናችን የጋዝ መስመር ግፊቱ ተቀንሶ ነው የሚመጣው፤ በላዩ ሌላ መቀነሻ ከተጨመረበት እሳቱ ይደክማል፣ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። "አዲስ ገቢዎቹ ሁሌ ይሄን ይሳሳቱና ምድጃው ተበላሽቷል ብለው መልሰው ያመጡልሻል አይደል?" ሲላት ጆሊን "ትናንትም አንዱ አምጥቶልኛል" አለችው። አንጀቴን በላው። የድሮውን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቃል፤ የዛሬ ጠዋቱን ነው የማያገኘው።

ቀና ሲል የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የልብስ መቆንጠጫውን አየሁት።

መቆንጠጫው የቤታችን ሕግ ነው። መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ከመኪናው ጎን የዘረጋውን ጥላ ሳያጥፍ እንዳይነዳ መሪው ላይ መቆንጠጫ ይሰካል። እኛ ደግሞ ለጋዙ ሌላ መቆንጠጫ አለን፤ ጋዝ የከፈተ ሰው ልብሱ ላይ ይሰካዋል፣ ሲዘጋ ነቅሎ ቦታው ይመልሰዋል። ጠዋት እንቁላል ጠብሶልን ነበር። ጋዙን እንደልማዴ ዘግቻለሁ። መቆንጠጫውን ግን ከሰው ልብስ ላይ በስርቆሽ መንቀል አይቻልም።

ዓይኔን ተከትሎ ኮሌታውን ዳሰሰ። ነቀለውና መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ጆሊን ነገሩ ገብቷት ይሁን እንጃ፣ ሌላ ገዢ የጠራት መስላ ፈቀቅ አለች።

"ሳምንቱን ሙሉ ልብሴን ሳወልቅ አገኘዋለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ደንግጬ ስወጣ ጋዙ ተዘግቷል። አንቺ ነሽ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

ወደ ኤሌክትሪኳ ዞረ። "በቃ እሷን እንውሰዳት። ሶኬት ያለበት ግቢ እንገባለን፣ ምን ይደረግ" አለ።

ይሄ ሰው አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ሳይከራከር እሺ ብሎኝ አያውቅም። ያልኩት ሆነልኝ፤ ግን ደስ አላለኝም።

የኤሌክትሪኳን ገመድ ይዤ ቆምኩ። የከፈተው ይዝጋ ያልነው እኛው ነን፤ ሌላ ማንም አላዘዘንም። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሌባ ተደብቄ የሠራሁትን ሥራ ፊት ለፊት ብሠራው ማን ይከለክለኛል? እሱ እንዳያውቅ ስል ነበር የተደበቅኩት። እሱ ደግሞ ከኔ በፊት አውቆ፣ ብቻውን ሲደነግጥ ከርሟል።

ገመዱን ጠቅልዬ ምድጃዋን ቦታዋ መለስኳት።

"የምትጠብሰው አንተ ነህ" አልኩት። "ጋዙን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ። እሱም የሚያቅተን ቀን ሲመጣ፣ ያኔ ሶኬት እንፈልጋለን።"

አየኝ። ከዚያ፣ "ሥጋዬ ላይ ግን አፍሽን አታስገቢም" አለ።

"እሱን እናያለን።"

ትንሿን የጋዝ ምድጃ በአንድ እጁ አቅፎ ተጠጋኝና የሹራቤን ኮሌታ አቃናው። መቆንጠጫውን ሰካልኝ፤ መያዙንም ጎተት አድርጎ አረጋገጠ።

ጋዙ ዝግ ነው። በሕጋችን ከሆነ መቆንጠጫው አሁን ማንም ላይ መሆን የለበትም። አልነቀልኩትም፤ እንደሰካልኝ ወደ ቤት ሄድን።