የባለፍየሉ ቦረቦር

ተዳፋት ላይ ቤት ያላት አንዲት ባልቴት ነበረች። እንደ እኔው ፊደል ያልቆጠረች፣ እንደ እኔው ጉልበቷን የሚያማት። ምላሷን ግን አሟት አያውቅም።

ከቤቷ ቁልቁል ባለፍየሉ ይኖራል። አራት ዓመት ይሆነዋል፣ አንዲት ፍየሉ ጎመኗን ቀመሰችባት። ከዚያ ወዲህ ባልቴቷ በየማለዳው ወርዳ አጥሩን ትፈትሻለች። መንገዱ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ጉልበት ማን ይዞራል? ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ዝናብም አያስቀራት፤ ጎርፉ ጫማዋን ሞልቶ አብሯት ይወርዳል።

ኋላ መሬቱ ይቦረቦር ጀመር። ቦረቦሩ በየክረምቱ ሽቅብ እየበላ መጥቶ ለቤቷ አሥር እርምጃ ቀረው። አንድ ክረምት ቢደገም ቤቷ ገደል መግባቱ ነው። መሬቱን የቦረቦሩት ፍየሎቹ ናቸው ባይ ነች።

«ዛሬስ ስንቱን ለቀቅክ?» ትለዋለች ባለፍየሉን።

«እትዬ፣ ፍየሎቼ እዚሁ ታጥረው ነው የሚበሉት። ወዲያ ወዲህ የሚል ካለ እርስዎ ነዎት።»

«አፍ አለህ።»

የሰፈሩ ሰው ሰለቸውና ክሷን ሊሰማ ቀን ቆረጠ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ባለፍየሉ ፍየሎቹን ይዞ ይለቃል። አምስት ልጅ የሚያሳድገው በእነሱ ወተት ነው። ባልቴቷ ይህን ስታስብ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላት። በሦስተኛው ጠግባ በላች።

ምስክር ያደረገችው የልጅ ልጇን ነው። የልጅቷ ሥራ ሳተላይት ከሰማይ ያነሳውን ፎቶ እያየች የቱ መሬት እንደተራቆተ፣ የቱ ጋ ናዳ እንደሚያሰጋ መለየት ነው። እንዴት እንደሚሆን እኔን አትጠይቁኝ።

በቀኑ ባልቴቷ የፊት ወንበር ያዘች። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፍታ የየዓመቱን ፎቶ በተራ አሳየች። በመጀመሪያው ተዳፋቱ ለምለም ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አለ። በመጨረሻው ክሩ ቦረቦር ሆኗል።

«ክሩ ምንድን ነው?» አለ ባለፍየሉ።

«የእግር መንገድ። ሣሩ በእግር ብዛት አለቀ፣ ውሃው ተከተለው።»

«የፍየል እግር» አለች ባልቴቷ።

«ፍየል ይበተናል፣ እማማ። ይሄ ቀጥ ያለ ነው። የሚያልቀው እሳቸው አጥር ላይ ነው።»

ባልቴቷ ዞራ ሰዉን አየች። «አላልኳችሁም?»

«የሚጀምረውስ የት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ልጅቷ ፎቶውን አጎላችና ጣቷን አንድ ደጃፍ ላይ አሳረፈች።

የእኔ ደጃፍ ነበር።